የናክሬ ልዋጭ

ናክሬ ለጋርሜ መንደር ባዳ ናት፤ ባዳ ከሆነች ሃያ ሰባት ዓመቷ። ባዳ ስላልኩ እንዳትሳሳቱ። የማን አሳማ የማንን አጥር እንደጣሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ጣራ ዝናቡ ሳይመጣ መጠገን እንዳለበት ለጋርሜዎች የምትነግራቸው እሷ ናት። የምትነግራቸው ግን በራሷ ቋንቋ፣ በኢዳ ነው። እነሱም የሚመልሱላት በራሳቸው፣ በኔም ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እሷ አንድ ቀን በኔም አልተናገረችም፣ እነሱም አንድ ቀን በኢዳ አልመለሱላትም፤ ሳይግባቡ የቀሩበት ቀንም የለም።

በእኛ አገር ቋንቋ የመሬት ነው። የጋርሜ መሬት ኔም ይሰማል። ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተሂዶ የሚደረስበት የዌንጃ መሬት ኢዳ ይሰማል። ከዌንጃ ወዲያ ያለው የሚሰማውን ደግሞ እዚያ ያሉት ያውቁታል። ሰው የአባቱን መሬት ቋንቋ በአፉ፣ የእናቱን በጆሮው ይዞ ያድጋል። ናክሬም ከዌንጃ አግብታ ስትመጣ አፏን እንደያዘች መጣች፣ ጆሮዋን ግን ለባሏ መንደር ሰጠች። ባሏ ማባታም እንዲሁ። እሷ በኢዳ ትነዘንዘዋለች፣ እሱ በኔም ዝም ይላል።

ዝም ይላል ስል የእውነቴን ነው። ማባታ በቀን አምስት ቃል ከወጣው ያ ቀን እንደ በዓል ይቆጠራል። ሥራው ግን ይናገርለታል፤ ቦዬ የሚባለውን፣ እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈረውን ምግባችንን፣ እንደ እሱ የሚያበቅል በሁለቱም መንደር የለም፤ አንዳንዱ ቦዬው ከልጅ ቁመት ይበልጣል። ናክሬ ገና በመጣች ሰሞን ዝምታው ሊያሳብዳት ነበር። በኋላ ለመደችው፤ ከለመደችው በኋላ ደግሞ ወደደችው። ተናጋሪ ባል ቢሆን ኖሮ እኔ መቼ እናገር ነበር ትላለች።

ትዳሩ የልውውጥ ነው፣ እንደ ሁላችንም። ዶአ የሚባለው የናክሬ ታላቅ ወንድም የማባታን እህት ዋሳናን ወደደ። የዋሳና ወገኖችም ለማባታ ሚስት ካልመጣልን ልጃችንን አንሰጥም አሉ። ናክሬ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልቧ ያረፈበት ሰው አልነበራትም፣ ማባታን ደግሞ አንድ ጊዜ ዓሣ ሲያጠምድ አይታዋለች። መልኩ ምንም አይልም ብላ እሺ አለች።

በርክክቡ ቀን ሁለቱ ሙሽሮች ወንዙ ላይ ከተጋደመው ግንድ መሐል ላይ ተገናኙ። ግንዱ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ የረገጠች ሙሽራ ደግሞ ገደቢስ ናት ስለሚባል አንዷም አልመለስ አለች። ተቃቅፈው እንደምንም ዞረው ሊተላለፉ ሲሞክሩ ሁለቱም ከነጌጣቸው ወንዙ ውስጥ ተዘፈቁ። በወዲህም በወዲያም የቆመው ሽማግሌ በሁለት ቋንቋ ጮኸ። እነሱ ግን ውሃ ውስጥ ተያይዘው ይስቁ ነበር። ስቀው ሲያበቁ አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ወጡና እየተንጠባጠቡ ተዳሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዷ ሌላዋን የምትጠራት «ልዋጬ» እያለች ነው። በየሳምንቱ ወንዝ ዳር መረብ ጥለው ባሎቻቸውን ያማሉ፤ ናክሬ በኢዳ ማባታን፣ ዋሳና በኔም ዶአን። ዓሣው እዚያ አካባቢ ድርሽ አይልም።

ይህ ሁሉ ሰላም የታወከው አምና ነው፤ ቦዬው ተቆፍሮ ጎተራ በገባ ሰሞን። ከከተማ አንድ ወረቀት የያዘ ሰው መጣ፤ በየመንደሩ ምን ምን ቋንቋ እንደሚነገር እየጠየቀ የሚጽፍ። ትሑት ሰው ነበር፣ በዚያ ላይ ጥሩ በላተኛ። ዌንጃ ሲደርስ ዶአ ቤት አረፈ። ዋሳና በጋለ የኩይሳ ጓል የበሰለ ቦዬ ከሜዳችን ከሚታደነው የካንጋሮ ሥጋ ጋር አቀረበችለት። ሰውዬው ጠግቦ እጁን ከታጠበ በኋላ በዚህ ቤት ስንት ቋንቋ ይነገራል ብሎ ጠየቀ። ዶአ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ «አንድ» አለ። ሰውዬው ጻፈ።

ዋሳና የያዘችውን ሳህን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። እንግዳው እስኪሄድ ጠበቀች፣ ምክንያቱም ጨዋ ናት። ከሄደ በኋላ ግን፣ «እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስጮህ የኖርኩት በምንድን ነው? እንደ ውሻ ነበር የምትሰማኝ?» አለችው።

ዶአ የመሰለውን መለሰ። ኔም የጋርሜ መሬት ንብረት ነው፤ የሰው ንብረት የእኔ ነው ብሎ ማስመዝገብ ሌብነት ነው፤ ጋርሜ ሲደርስ ጋርሜዎች ያስመዝግቡት አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ሕጉን አልሳተም። ሞኝነት ግን አልጎደለውም፤ ሕግ ያወቀ ወንድ ሁሉ ሚስት ያወቀ ይመስለዋል። ዋሳና የመረብ ከረጢቷን ግንባሯ ላይ አንጠለጠለችና ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ጋርሜ፣ ማባታና ናክሬ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ተገኘች።

ናክሬ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ልዋጯ ልትጠይቃት የመጣች መስሏት እሳት ልታነድ ተነሳች። ከረጢቱን ስታየው ነው ልቧ ስንጥቅ ያለው። የእንቅልፍ ምንጣፉ፣ ቢላዋው፣ ለዘር የተቀመጠው ቦዬ ሳይቀር ሁሉም ተጠቅልሎ ገብቶበታል።

ልውውጥ እንደ ሚዛን ነው። አንደኛዋ ጥላ ከተመለሰች ሌላኛዋም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ብትወድም፣ ብትጠላም። ነገሩ የሚቆረጠው ደግሞ በመትከል ነው። ተመላሿ በአባቷ መሬት ላይ አዲስ ቦዬ እስካልተከለች ድረስ እንግዳ ናት፤ ከተከለች ግን አለቀ። የመትከያው ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ ለዝናቡ ቢበዛ አንድ ወር ቀርቶታል።

«በአንቺ አልመጣሁም፣ ልዋጬ» አለች ዋሳና ዓይኗን ሳታነሳ።

«አውቃለሁ» አለች ናክሬ። «በእኔ አልመጣሽም። የመጣሽው ግን በቤቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ልቅሶው ሲያልቅ ቁርስ በሉ። ምን ያደርጋሉ ታዲያ፣ አንዷ ሌላዋን መጥላት አይሆንላትም።

ሰው ሁሉ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ ዶአ መጥቶ መለመን አለበት። ችግሩ የልመናው ዓይነት ነው። ወንድ ልጅ የሚስቱን ቋንቋ በአፉ የሚያወጣው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥላው ስትሄድ። መንደሯ ድረስ መጥቶ፣ መሬቷ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ በቋንቋዋ ይለምናታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን የመንደር መሳቂያ ነው። ዶአ ደግሞ በዌንጃ ቃሉ የሚደመጥ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ዶአ የለም።

ማባታ ሄዶ ሊቆጣው አይችልም። የሚስት ወንድም ስሙ እንኳ አይጠራም፣ ነውር ነው፤ ማባታ ዶአን «ያ ማዶ ያለው» ነው የሚለው፣ ያንንም በዓመት አንዴ። ስለዚህ ናክሬ ራሷ ተነሳች። ሄዳ መምከር ትችላለች፤ ግን ልዋጯ ውጭ ሳለች ዌንጃ ላይ አንዲት ሌሊት ካደረች እንደተመለሰች ይቆጠራል። ስለዚህ ገና ሲነጋ ወጣች።

ወንድሟን ያገኘችው ከቤቱ ጓሮ ነው። ዋሳና ከግልገልነቷ ጀምራ ያሳደገቻት ትልቋ አሳማ ቦዬ ጎተራው ሥር ገብታ አልወጣም ብላለች። ዶአ ተንበርክኮ፣ አንገቱን አቅልሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይለማመጣታል። «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ የኔ ወፍራም፣ ማን አስቀየመብኝ» ይላል። የሚላት በኔም ነው። በጥሩ፣ በጠራ ኔም።

ናክሬ ከኋላው ቆማ እስኪበቃት ሰማች።

«አንተ ኔም ትችላለህ» አለችው።

ዶአ ደንግጦ ተነሳ። «የምትችለው አሳማዋ ናት» አለ፣ ጉልበቱን እያራገፈ። «በሌላ አትሰማም፣ ምን ላድርግ?»

«አሳማ ከለመንክ ሚስትህን መለመን ምን ይከብድሃል?»

«አሳማን መለመን ልመና አይባልም። ሰው አይሰማም።»

«እኔ ሰማሁ።»

ዶአ ያን ጊዜ ተቆጣ። ሕጉን አልጣስኩም፣ እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ሰው የሚያከብረኝ አንድም ቀን ስላልለመንኩ ነው እያለ ደረደረ። ናክሬ አስጨረሰችው። ከዚያ መጀመሪያ አስፈራራችው፤ ዋሳና የተከለች እንደሆነ እኔ እዚህ እመጣለሁ፣ የማድረው አንተ ቤት ነው፣ አፌን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ ፀሐይ ስትገባም አይዘጋም አለችው። ዶአ ሊስቅ ሲል ግን ድምጿ ተሰበረ።

«ወንድም ዓለም፣ እኔ ያን ሰውዬ ትቼ መምጣት አልፈልግም» አለች። «ለአንተ ብዬ ነው የሄድኩት። አሁን በአንተ የተነሳ አታስወጣኝ። እወደዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር እህት ለወንድሟ አትናገርም። ዶአ መሬት መሬቱን አየ። ማደር ስለማትችል ናክሬ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ፣ መልስ ሳታገኝ ተመለሰች። ወንዙን ስትሻገር ግንዱ ላይ ቆም ብላ ወደ ዌንጃ ዞራ አየች፤ የትውልድ መንደሯ ነው፣ ግን ቤቴ ብላ የምታስበው ሌላ ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው።

ጋርሜ ስትደርስ ማባታ ደጃፉ ላይ እንጨት ይልጋል። ዋሳና የመትከያ መቆፈሪያ ሥራልኝ ብላው ነበር፣ እህቱን ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም። ለማባታ መቆፈሪያ መሥራት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ያንን ግን አንድ ቀን ልጎ በማግስቱ ቀጠነ ብሎ ሰበረው። ሁለተኛውን ጀመረ፤ ሦስት ቀን ፈጀበትና ጎበጠ ብሎ ጣለው። ሦስተኛውን ያዘ። ናክሬ በዘጠነኛው ቀን ላይ ነው የገባት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ምንም አልተናገረችም፤ ይህም ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። እሱም ፍላጩን እየጠረገ መላጉን ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እንዳፈሩ ያስታውቃሉ። ለማንም ደስ አላለውም፣ ናክሬ ለመንደሩ ምን እንደሆነች ይታወቃል፣ ግን ዋሳና ከተከለች በሦስተኛው ቀን አንቺም አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ። ናክሬ በኢዳ፣ የአንዱን ሽማግሌ ጣራ ቶሎ ጠግኑት፣ እኔ ሳልኖር የሚነግራችሁ የለም ብላ አሾፈችባቸው። ሳቁና ሄዱ። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ከረጢቷን አወረደች፣ መልሳ ሰቀለችው።

ዝናቡ አንድ ንጋት ላይ መጣ። ሜዳው ሁሉ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተተ፤ መንደሩ ቦዬውን ተሸክሞ ወደ እርሻ ወጣ። በሌላ ዓመት ከዚህ የሚበልጥ የደስታ ቀን የለም። ያን ዕለት ግን ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ እየመሰለ ዓይኑ የዋሳና መደብ ላይ ነበር። ማባታ መቆፈሪያውን አምጥቶ ለእህቱ ሰጣት፤ ሰጣት እንጂ እጁ ቶሎ አልለቀቀውም። ዋሳና እጁን አየችው፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ደግሞ ናክሬን።

«አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት፣ ልዋጬ» አለች። «አሁን ሳልተክል ብቀር ሰው ምን ይለኛል? ያለ ልመና ተመለሰች ይለኛል።»

«ይልሻል» አለች ናክሬ። ልትዋሻት አልፈለገችም።

ዋሳና መቆፈሪያውን መሬት ላይ ሰካች። አንዴ ገፋችው፣ አፈሩ ተከፈተ። ዘሩን ልታወጣ ጎንበስ ስትል ከእርሻው ዳር ሁካታ ተሰማ፤ አሳማዋ የታሰረችበትን ገመድ በጥሳ፣ የሰውን መደብ እየደረማመሰች፣ እሪ እያለች እመቤቷ እግር ሥር ደርሳ ተንከባለለች። ከኋላዋ ዶአ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ትንፋሽ አጥሮት መጣ። የጋርሜ መሬት የሚጀምርበት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሰው ሁሉ መቆፈሩን ትቶ ወደ እሱ ዞረ። ዶአ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው።

«ስሚ እንጂ፣ ጆሮሽን ምስጥ በላው?» አለ በኔም።

መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ኔም የሰማው ከሚስቱ አፍ ብቻ ነው፤ ማባበሉ ለአሳማዋ ሲሆን ለእሱ የደረሰው ቁጣ ቁጣው ነው። ስለዚህ ልመናው ሁሉ የወጣው በዋሳና ድምፅ ነው፤ የሴት አነጋገር ከነመሽሞንሞኑ፣ ከነወገብ መያዙ። ሳያውቀው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነበር። አንዲት አሮጊት ሳቋ አልቆም ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች። ዶአ ፊቱ ቢቀላም አላቆመም።

«ያ ሰውዬ ሲጠይቀኝ አንድ ነው አልኩ። ያን ቀን ውሸት ነበር። አንቺ ከወጣሽ ወዲህ እውነት ሆኗል። ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፣ እሱም የኔው ነው፣ ሰለቸኝ። ነይ ዋሳና፣ ነይና እንደገና ውሸታም አድርጊኝ።»

ሳቁ ቆመ። ዋሳና ወደ እሱ ተጠጋች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ይታገላል።

«እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?» አለችው።

«አንዳንዴ ይብሳል» አለ ዶአ፣ አሁንም በኔም።

ያን ጊዜ ሳቋ አመለጣት። የከፈተችውን አፈር በእግሯ መልሳ ደፈነችና ዘሩን ወደ ከረጢቷ ከተተች። ናክሬን አቀፈቻት፤ ሁለቱም እንደዚያ እንደ ወንዙ ቀን ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ አሳማዋን አስቀድማ፣ ባሏን አስከትላ፣ ገና እርሻው ሳያልቅ ትነዘንዘው ጀመር። ዶአ በኢዳ ይመልሳል። ድምፃቸው እስኪርቅ መንደሩ ቆሞ ሰማቸው።

ናክሬ ከሰዓት በኋላ ከማባታ ጎን ሆና ትተክል ነበር። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ ዘሩን ታስገባለች፣ አፈር ታለብሳለች። ደስታዋ ልክ የለውም፤ ግን ደስታዋ ውስጥ ትንሽ ቅናት ገባባት። ወንድሟ በሰው ፊት ያን ሁሉ ተናገረ። የእሷ ባል ግን ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት የኢዳ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ ውሃ፣ እሳት፣ ነይ እንኳ ብሏት አያውቅም። እና ጠየቀችው፣ በቀልድ አስመስላ፣ ግን ከልቧ።

«አንተስ? እኔስ በቋንቋዬ የምታናግረኝ መቼ ነው?»

ማባታ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። ሁለተኛውን ቆፈረ። ናክሬ የቀኑን አምስት ቃል ጨርሶ ይሆናል ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ቀና ሳይል በኔም መለሰ።

«ጥለሽኝ የሄድሽ ቀን» አለ።

ናክሬ ዘሩን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የገባት። ሲገባት ጎንበስ አለችና አፈሩን ማልበስ ጀመረች፣ ከሚገባው በላይ ቆየችበትም፣ ፊቷን እንዳያይባት።

እሱ ያን ዕለት ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ወንዝ ዳር ልጃገረዶች ስለ ባል ሲያወሩ በሰማች ቁጥር መሐላቸው ትገባለች፣ አፏን ሞልታም፣ ባሌ በኢዳ አንዲት ቃል ተናግሮኝ አያውቅም ትላቸዋለች።